ስልሳ ስቆጥር

ደብረ ብርሃን ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፤
አመዳይ ከሣሩ፣ ከጠጠሩም እኩል።
ከጣርማበር በኩል ነፋሱ ሲመጣ
እንኳን ሰው፣ የጎሉ ብረት ድምፅ አወጣ።
አሥራ አራት ልጆች በሰልፍ ቆመዋል፤
አፋቸው ይጨሳል፣ ጣታቸው ደንዝዟል።
እኔ ፊሽካ ነክሼ፣ እጄን ካፖርት ከትቼ
አዛለሁ፣ ከአሰልጣኜ እንደሰማሁት ሰምቼ፦
«ጎንበስ! ጣት ይነካ! ጉልበት እንዳይታጠፍ!
ስልሳ እስክቆጥር ድረስ ማንም እንዳያርፍ!»

አንድ… ሁለት… ሦስት…
የቀዘቀዘ ሥጋ ሲሳብ ድምፅ የለውም፤
ሲቆጣ አይነግርህም፣ ሲለግም አታውቀውም።

ሃያ ሦስት ዓመት እንዲህ ቆጥሬያለሁ።
ቀን ቀን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር አጠነጥናለሁ፣
ማለዳ ማለዳ ጅማት አስባለሁ።
ክር ከልኩ ሲሳብ ይረዝማል፣ ግን ይሳሳል፤
ማሽን ላይ ያረጀ ይህን መች ይረሳል?
እኔ ረሳሁት።

አጸደ ናት ያስታወሰችኝ፣
የርዝመት ዝላይ ልጅ፣ ከአንጎለላ የመጣችኝ።
«ጋሼ» አለች አንድ ቀን፣ «ካልተቆጡኝ ልጠይቅ፤
ስልሳ ካሉ ወዲያ እግሬ መሬት አይለቅ።»
ተቆጣሁ። በዚያ ብርድ ማን አይቆጣም?
«ሂጂ ወደ ሰልፍሽ! ሰነፍ ሰበብ አያጣም!»

ምንም አልመለሰች።
ሄዳ ከዕቃ ቤቱ ግድግዳ ተጠጋች፣
ጣቷን ጠመኔ ቀብታ፣ ዘላ ነካች።
አንድ ቀን ሳትሳብ፣ ሶምሶማ ሮጣ፣ ጉልበቷን እያነሳች፣
አንድ ቀን ተስባ፣ እኔ እንዳልኩት ስልሳውን ጨርሳ፣ እየነካች፤
ሁለት ሳምንት ሙሉ።
ጓደኞቿም ገቡበት፤ ሁሉም በየስሙ፣
ነጫጭ የጣት አሻራዎች ግድግዳው ላይ ቆሙ።

ዓርብ ቀን ጠራችኝ። «ይዩት» አለች። አየሁት።
ስልሳ በቆጠርኩበት ቀን የእሷ ዝቅ ያለው ሁለት ጣት፤
የሰናይት ሦስት ጣት።
የሸዋፈራሁ ግን ያው ነው፣ ንቅንቅ አላለም፤
(እሱ ድሮም ቢሆን ከልቡ አይሳብም፤
ፊቴን ያዞርኩ እንደሁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣
ሃምሳ ዘጠኝ ስል ተመልሶ ያጎነብሳል።)

ልለካው ብዬ ስንዝሬን ዘረጋሁ።
እጄ ተንቀጠቀጠ። ብርድ ነው፣ አልኩ።

ባላ ጎማ የሠራ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፤
ወጥረህ ብዙ ከያዝከው ድንጋዩ እግርህ ሥር ይወድቃል።
እኔስ ስንት ጊዜ፣ በወረዳ፣ በዞን፣ በክልል፣
መም ዳር አስጎንብሼ ስልሳ፣ ስልሳ ስል፣
ስንቱን ነው ያላላሁት? ስንቱ በጣት ቀረ?
ስንቱን «ወኔ የለህም» አልኩት፣ እግሩ እያፈረ?
ጥላዬ አለ፣ ለምሳሌ፤ ሸኖ ቅቤ ይነግዳል።
በአንዲት ጣት ነው የቀረው። ዛሬም ሳልፍ ካየኝ
«ጋሼ!» ብሎ ከወንበሩ ይነሳል።
ምን ብዬ ልንገረው? እስካሁን አልነገርኩትም።
ምናልባት ስልሳዬ አልነበረም። ምናልባት። አላውቅም።

አሁን ማለዳችን ሌላ ነው።
ቀስ ብለን እንሮጣለን፣ ትንፋሽ እስኪሞቅ፣
እግር እንደ በር ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል፣
ጉልበት ደረት ይፈልጋል፣ ቁርጭምጭሚት ይነጥራል፤
አመዳዩ እኛ በረገጥንበት ብቻ ጠቁሮ ይቀልጣል።
አጸደ ትዘላለች። አሸዋው ወደ ኋላ ይቀራል።

ዝናቡ መጥቶ ግድግዳውን አጠበው፤
ከክፈፉ ሥር የተረፈው
የሰናይት አንድ አሻራ ነው።

ስልሳዬን ግን አልጣልኳትም፤ አብራኝ አርጅታለች።
ልምምድ ሲያበቃ፣ ፀሐይ በበሬሳ ላይ ስትወጣ፣ ትጠራለች።
ልጆቹ የሞቀ ሣር ላይ እግራቸውን ዘርግተው
ይሳባሉ፣ እንዳሻቸው፣ እያወሩ፣ ተዝናንተው።
«ጋሼ» ትላለች አጸደ፣ «አሁን መቶም ይቁጠሩ!»
ይስቃሉ። እኔም እቆጥራለሁ፣ እንደ ጥንቱ፣ በዝግታ፤
ሃምሳ ሰባት… ሃምሳ ስምንት…
ሃምሳ ዘጠኝ ላይ ስደርስ
ጥላዬ ከወንበሩ ይነሳል።